ሁለት ልጆች በአንድ የእንግዴ ልጅ

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር አንዲት የ27 ዓመት እናት የላኩልን ደብዳቤ ባጭሩ ይህን ይላል፦ «የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አሁን የ15 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በ13ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ ስታይ መንታ እንደሆነ ተነገረኝ፤ ወረቀቱም ላይ ‹ሁለት ፅንስ፣ አንድ የእንግዴ ልጅ፣ ሁለት ከረጢት› ተብሎ ተጽፏል። ከ16ኛው ሳምንት ጀምሬ በየሁለት ሳምንቱ እንድመለስ ታዝዣለሁ፤ ባለቤቴ ግን ይህ ሁሉ ቀጠሮ ገንዘብ ለመልቀም ነው ይላል። ሐረር ያሉት አማቴ በእነሱም ሆነ በእኛ ቤት መንታ ታይቶ ስለማያውቅ ተገርመዋል፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት እንዲሆኑላቸው ይመኛሉ፤ የድሬን ሙቀት ሸሽቼ እሳቸው ዘንድ እንድወልድም ይፈልጋሉ። የደም መጠንሽ 10.2 ነው ተብዬ የተሰጠኝን እንክብል ሆዴን ስላደረቀው አቋርጬዋለሁ። አልፎ አልፎም ከጎረቤቶቼ ጋር በርጫ ላይ እቀመጣለሁ። ለመሆኑ መንታ ያለ ኦፕራሲዮን ይወለዳል?»

ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የሳበው «ሁለት ፅንስ» የሚለው ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ የሰፈረው «አንድ የእንግዴ ልጅ» የሚለው ነው። መንታ ያረገዙ እናቶች ስለ ልጆቹ ብዛትና ስለ ጾታቸው ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ የእንግዴ ልጁ ስንት እንደሆነ የምትጠይቅ እናት ግን እጅግ ጥቂት ናት። የክትትሉን መደራረብ፣ የመውለጃውን ጊዜና የሚያሰጋውን ነገር የሚወስነው ግን በአብዛኛው ይኸው ነው። ይህን ለመለየት ምቹው ጊዜ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሁለቱን የሽርት ውኃ ከረጢቶች የሚለየው ስስ ግድግዳ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚገጥምበት ቦታ በግልጽ ይታያል። ሁለት የእንግዴ ልጆች ጎን ለጎን ተጣብቀው ከሆነ መጋጠሚያው ወፈር ብሎ እንደ ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው እንደ ክር ቀጥኖ ያርፍበታል። ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ ይህ ምልክት ስለሚደበዝዝ፣ በ13ኛው ሳምንት መታየትዎ ትልቅ ዕድል ነው። ያንን ወረቀት እንደ መታወቂያዎ ይያዙት፤ የትም ቢሄዱ፣ ማንም ቢያይዎ፣ መጀመሪያ እሱን ያሳዩ።

አሁን ወደ አማትዎ መገረም ልመለስ፤ መልሱ ከዚሁ ወረቀት ይገኛልና። መንታ በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው፣ በአንድ የወር ዑደት ሁለት እንቁላሎች ወጥተው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የወንድ ዘር ሲጸነሱ ነው፤ እነዚህ አብረው ያደጉ እኅትማማቾች ወይም ወንድማማቾች እንጂ አንዱ የሌላው ግልባጭ አይደሉም። በዘር የሚመጣው ይህኛው ነው፤ የሚመጣውም በእናት በኩል ነው፤ በአንድ ዑደት ከአንድ በላይ እንቁላል የምታወጣው እሷ ናትና። የባል ቤተ ሰብ በመንታ የታወቀ ቢሆን እንኳ የሚስቱን እንቁላል ቁጥር አይለውጠውም፤ ይልቅስ ዝንባሌውን ለሴት ልጁ ሊያወርስ ይችላል። የእናቲቱ ዕድሜ መግፋትና ደጋግሞ መውለድም ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። ሁለተኛው መንገድ፣ በአንድ የወንድ ዘር የተጸነሰ አንድ እንቁላል ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሁለት ሲከፈል ነው። ይህ ከማንም የዘር ሐረግ ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ከ1,000 ወሊዶች በ3 ወይም በ4ቱ ላይ ያጋጥማል። የከረጢቱንና የእንግዴ ልጁን ቁጥር የሚወስነው ደግሞ የተከፈለበት ቀን ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከተከፈለ እያንዳንዱ የራሱን የእንግዴ ልጅ ያበቅላል፤ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ባለው ጊዜ ከሆነ አንድ የእንግዴ ልጅ ተጋርተው ሁለት ከረጢት ይኖራቸዋል፤ ከዚያ ከዘገየ ከረጢቱንም ይጋራሉ፤ ይህ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የእርስዎ መካከለኛው ነው።

ስለዚህ በማንም ቤት መንታ አለመታየቱ የሚያስገርም አይደለም። እዚህ ላይ ግን አማትዎን ቅር ላሰኛቸው ነው፦ አንድ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንቶች ከአንድ እንቁላል የመጡ በመሆናቸው ጾታቸው አንድ ነው፤ ወይ ሁለቱም ወንድ፣ ወይ ሁለቱም ሴት ይሆናሉ። ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ በሚረገዝበት ጊዜም ቢሆን መነሻው ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስጋቱ ያይላል እንጂ የመጀመሪያው ጥያቄ የእንግዴ ልጁ ስንት ነው የሚለው ነው።

በየሁለት ሳምንቱ እንዲመለሱ የታዘዙት ለምን እንደሆነ ባለቤትዎ አጠገብዎ ተቀምጠው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ሁለት የእንግዴ ልጅ ያላቸው መንቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጓዳ እንዳላቸው ናቸው፤ ለእነሱ በወር አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ መታየት በአብዛኛው ይበቃል። አንድ የእንግዴ ልጅ በሚጋሩት ዘንድ ግን የሁለቱ የደም ሥሮች በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይገናኛሉ። ብዙውን ጊዜ ከወዲያና ከወዲህ የሚፈሰው ደም ይመጣጠናል፤ ከ100 እንዲህ ዓይነት እርግዝናዎች በ10 እስከ 15ቱ ግን ሚዛኑ ይዛባና ከአንደኛው ወደ ሌላኛው የሚሄደው ደም ይበዛል። ሰጪው ደሙ ስለሚያንስበት ሽንቱ ይቀንሳል፤ የሽርት ውኃው ከሞላ ጎደል የሚገኘው ከፅንሱ ሽንት ስለሆነ ከረጢቱ ይደርቃል፤ ፊኛው ባዶ ሆኖ ይታያል። ተቀባዩ በአንጻሩ ደሙ ስለሚበዛበት ልቡ ይደክማል፤ ውኃውም ከመጠን በላይ ይሞላል። ይህ በብዛት የሚጀምረው ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ እናቲቱ ምንም ላይሰማት ይችላል፤ ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ሌላው ወር ቢሞላ ደግሞ ሁለቱንም ልጆች ለማጣት የሚበቃ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሌላም የሚታይ ነገር አለ፤ የእንግዴ ልጁ ለሁለቱ እኩል ሳይከፋፈል ሲቀር አንደኛው እየቀጨጨ ይሄዳልና፣ በየቀጠሮው የሁለቱ ክብደት ይነጻጸራል።

ችግሩ ቢገኝስ ምን ይደረጋል? የተገናኙትን የደም ሥሮች በማሕፀን ውስጥ በሌዘር መዝጋት ዋነኛው ሕክምና ነው፤ ይህ በዓለም ላይ ልዩ ማዕከላትን የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ ከተማዎ ውስጥ ይገኛል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ሆኖም የተትረፈረፈውን ውኃ መቅዳት፣ ክትትሉን ማጥበቅ፣ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል በጊዜ መላክና የሚወለዱበትን ቀን አመዛዝኖ መወሰን የሚቻለው ችግሩ አስቀድሞ ሲታወቅ ብቻ ነው። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ሆድዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ቢያድግና እንደ ከበሮ ቢወጠር፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ቀኑን ሳይጠብቁ ይሂዱ።

የባለቤትዎ ቅሬታ ከባዶ የመጣ ነው አልልም፤ ባጃጁም፣ ምርመራውም፣ ከሥራ የሚቀሩበት ቀንም ወጪ ነው። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ፣ እስካሁን በግል ክሊኒክ ከሆነ የሚታዩት፣ በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ወረቀት አጽፈው ክትትሉን ወደዚያ ማዛወር ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ እሳቸውም አብረው ይግቡ። ሁለቱን ፊኛዎችና ሁለቱን ልቦች በስክሪኑ ላይ ያየ አባት ስለ ቀጠሮ ብዛት ሲያጉረመርም ብዙም አልሰማሁም።

ስለ ደም መጠንዎ በጥብቅ ልናገር። በእርግዝና መጀመሪያ የሄሞግሎቢን መጠን ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል፤ እርስዎ በ10.2 ነው የጀመሩት፤ ሁለት ልጆች ከአንድ እናት ደም የሚወስዱት አይረን ገና እየጨመረ ይሄዳል፤ መንታ በሚወለድበት ጊዜም ማሕፀን ከልክ በላይ ተለጥጦ ስለቆየ ቶሎ አልኮማተር እያለ ደም የመፍሰሱ ዕድል ከአንድ ልጅ ወሊድ ይበልጣል። በደም ማነስ ላይ ደም መፍሰስ ሲደረብ ምን እንደሚያስከትል ማብራራት አያሻኝም። በጤና ተቋማት የሚሰጠው እንክብል 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፤ እንደገና ይጀምሩት፤ ደም ማነስ ላለባት እናት መጠኑ ሊጨመር ስለሚችልም ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሰገራን ማድረቁም ማጥቆሩም የታወቀ ነው። ውኃ በብዛት ይጠጡ፣ አትክልትና የማሽላ ወይም የገብስ ምግብ ይጨምሩ፤ ባዶ ሆድ ሲወስዱት የሚያስመልስዎ ከሆነ ማታ ከእራት በኋላ ያድርጉት። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ቢወስዱት ሰውነትዎ በሚገባ ይቀበለዋል፤ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል፤ ከቡና ተክል የሚፈሉት፣ አማትዎ የሚያፈሉት ሆጃም ሆነ ቁቲ ከዚሁ ወገን ስለሆኑ ከእንክብሉም ከምግቡም ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቋቸው።

ስለ በርጫው ግልጽ ሆነው መጻፍዎን አከብራለሁ፤ በእኛ አካባቢ ብዙ እናቶች የሚደብቁት ጉዳይ ነውና። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲቅሙ ከቆዩ እናቶች የሚወለዱ ልጆች ክብደታቸው አነስ ብሎ ይታያል። መንቶች ደግሞ ያለ ጫትም ቢሆን በክብደት አነስ ብለው ነው የሚወለዱት። ስለዚህ «አልፎ አልፎ» የሚለውንም ይተዉት። ጨዋታው ከቀረብዎ፣ ሌሎቹ ሲቅሙ እርስዎ የባቢሌ ለውዝ ይዘው ይቀመጡ፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፤ ለውዙ መንታ ለሚያሳድግ ሰውነት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣልና። እንቁላል፣ ምስር፣ ፉል፣ ሥጋ አቅም በፈቀደ መጠን ይጨመር። የግመል ወተት የሚወዱ ከሆነ ሳይፈላ አይጠጡ፤ ጥሬ ወተት የሚያስተላልፈው ብሩሴላ የተባለ ባክቴሪያ እርግዝና ሊያስወርድ ይችላል።

ድሬ ላይ ለሚኖር ሰው አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት የታየባት፣ በ2022 ደግሞ አዲስ በገባች የወባ ትንኝ ሳቢያ ወባ የተዛመተባት ከተማ ናት፤ ይህች ትንኝም ሆነች የደንጊዋ በቤታችን ባጠራቀምነው የበርሜልና የጋን ውኃ ውስጥ ይራባሉ። ወባ ደም ማነስን ያባብሳል፤ ምጥንም ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል። የውኃ ዕቃዎን ይክደኑ፣ በአጎበር ይተኙ፤ ትኩሳት ከተሰማዎ በዚያው ቀን ይመርመሩ፤ ከፋርማሲ አይቡፕሮፌን ገዝተው አይዋጡ።

መንታ በሚረገዝበት ጊዜ ከደም ግፊት የሚመጣው የእርግዝና መመረዝም ከተለመደው ከሁለት እጥፍ በላይ ያጋጥማል። ለዚህ ነው በአንዳንድ እናቶች ላይ በቀን 75 ሚሊ ግራም የሚሆን አነስተኛ አስፕሪን ከ20ኛው ሳምንት በፊት እንዲጀመር የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፤ መንታ እርግዝና ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። እርስዎ በ15ኛው ሳምንት ላይ ስለሆኑ ጊዜው አላለፈም፤ በራስዎ አይጀምሩ፤ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ በግልጽ ይጠይቁ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ማበጥ ቢያዩ ሌሊትም ቢሆን ይነሡ።

ከመንቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ37ኛው ሳምንት በፊት ይወለዳሉ። አልጋ ላይ መተኛት ይህን ያስቀራል የሚል ምክር ከብዙ ሰው ይሰማሉ፤ ጥቅሙ አልታየም፤ እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ግን ይጨምራል። ከባድ ሸክምና በቀትር ፀሐይ መቆምን ይተዉ፤ የተለመደ ሥራዎን ይሥሩ። ውኃ መጥማት ራሱ ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል በሙቀቱ ወራት ጠርሙስዎ አይለይዎ። ሆድዎ በየተወሰነ ደቂቃ እየጠነከረ ከላላ፣ ወገብዎን እያመላለሰ ካመመዎ፣ ውኃ ከፈሰሰ ወይም ደም ካዩ፣ ጤና ጣቢያ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ። ከ34ኛው ሳምንት በፊት የምጥ ምልክት ሲታይ የልጆቹን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ለእናቲቱ ይሰጣል፤ ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው ግን ከመውለድ በፊት አንድ ቀን ያህል ሲያገኝ ስለሆነ፣ ቀድሞ መድረስ ልጅ ያተርፋል።

ድሬ ወይስ ሐረር ለሚለው፣ ሁለቱም ከተሞች የሪፈራል ሆስፒታል አላቸው፤ በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ደግሞ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና አለ። የሐረር አየር ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ የአማት እጅም ለመንታ አራስ ወርቅ ነው። የማልወደው ክትትሉን እዚህ አድርገው መጨረሻው ሰዓት ላይ እዚያ ለመድረስ ማሰብን ነው። በደንገጎ ጠመዝማዛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ከምጥ ጋር የሚወጣ መንገድ አይደለም። ከ28ኛው ሳምንት በፊት አንዱን ይምረጡና እዚያው ይጽኑ፤ የመረጡትን ሆስፒታልም ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሌሊትም ኦፕራሲዮን ይሠራል ወይ፣ ደም ይገኛል ወይ፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ጨቅላዎች የሙቀት ክፍል አለ ወይ። ዘመዶችዎ አስቀድመው ደም ቢለግሱ መልካም ነው።

ስለ ኦፕራሲዮኑ፦ መንታ መሆኑ ብቻውን ሆድ አያስቀድድም። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመ፣ በ25 አገሮች 2,800 ያህል እናቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ከፊት ያለው ልጅ በጭንቅላቱ ሲመጣ በኦፕራሲዮን ለማዋለድ ማቀድ ለልጆቹ ከምጥ የተሻለ እንዳልሆነ አሳይቷል። ከዚህ ቀደም በምጥ የወለዱ ከሆነ ያ ደግሞ ይረዳዎታል፤ የመጀመሪያ ልጅዎን እንዴት እንደወለዱ አልጻፉልኝም፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ፊተኛው በመቀመጫው ወይም በአግድም ከሆነ ግን በኦፕራሲዮን መውለድ ይመረጣል። ፊተኛው ከተወለደ በኋላ የሁለተኛው አቀማመጥ በእጅና በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይከተላል፤ አልፎ አልፎ ፊተኛው በምጥ፣ ሁለተኛው በኦፕራሲዮን የሚወለድበት ጊዜ አለ። ቤት ውስጥ በልምድ አዋላጅ የማይሆነውም በዚህች ግማሽ ሰዓት ምክንያት ነው። ሁሉም ሰላም ሆኖ ቢሄድ እንኳ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንቶች ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ 37 ሳይሞላ እንዲወለዱ ይመከራል፤ ስለዚህ የመውለጃ ቀንዎን ሲያሰሉ ከዘጠኝ ወሩ ላይ አንድ ወር ያህል ይቀንሱ። የሕፃን ልብሱም፣ ከአማትዎ ጋር ያለው ስምምነትም በዚያው ልክ ይቅደም።

ልጆቹ አነስ ብለው ቢወለዱ አይደንግጡ፤ በደረትዎ ላይ ገላ ለገላ ታቅፈው በቀን ብዙ ሰዓት መቆየታቸው ሙቀታቸውን ይጠብቃል፣ ጡት ያስለምዳቸዋል። አንዱን እርስዎ፣ አንዱን ባለቤትዎ መታቀፍ ይችላሉ። ወተቱ ለሁለት ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ከወዲሁ ከአካባቢዎ ይመጣብዎታል፤ ጡት በተጠባ ቁጥር ስለሚያመርት ለብዙ እናቶች ይበቃል።

ለአሁኑ ግን የቀረበው ጉዳይ የ16ኛው ሳምንት ቀጠሮ ነው። የሚያይዎትን ባለሙያ የሁለቱን የሽርት ውኃ መጠን፣ የሁለቱን ፊኛና የሁለቱን ክብደት ለየብቻ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ «ሁለቱም ደህና ናቸው» የሚል ቃል ብቻ ይዘው አይውጡ። ያንን ወረቀት ከ13ኛው ሳምንቱ ጋር በአንድ ፌስታል ያስቀምጡት፤ በ18ኛው ሳምንት የሚያይዎ ሰው የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።